የአዝራር ትንፋሽ

እትዬ የመጀመሪያውን ሳል የሰሙት አንድ ጠዋት፣ ካውያው ገና ሳይግል፣ የሰው ሱሪ እየቀመቀሙ ሳሉ ነው። ድምፁ የመጣው ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከእግራቸው አጠገብ ነበር። ጉሮሮው ላይ የቆመ ነገር ለመትፋት እንደሚታገል ሰው ሦስት አራቴ «ኸክ፣ ኸክ» አለና ምንም ሳይወጣ ቀረ። እትዬ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡና ጎንበስ ብለው አዩ። አዝራርም ቀና ብሎ አያቸው። ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መታ፤ የሆነ ነገር ሰብሮ የተያዘ ይመስል ነበር።

አዝራር አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ተገኘ፤ ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ መካከል የሚታዩት ሁለት ጥቁር ዓይኖቹ ብቻ ስለነበሩ፣ እትዬ ከካፖርት የወለቁ አዝራሮች መስለዋቸው ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። አዝራሮቹ እጃቸውን ላሱ። ስሙ በዚያው ወጣ።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። በሩ አጠገብ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ በስተቀኝ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ በስተግራ ያለቀ ልብስ የሚሰቀልበት ብረት፣ መሃል ላይ በእግር የሚነዳው የስፌት መኪና አለ። ከመኪናው ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ወደ ላይኛው መኖሪያ የሚያወጡ አሥራ አንድ የእንጨት ደረጃዎች። እትዬ እዚህ አርባ ዓመት ሰፍተዋል። ሰፈሩን በስም ሳይሆን በልክ ነው የሚያውቁት። «ያ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለው ሰውዬ» ይላሉ፤ ወይም «ያቺ በየዓመቱ ሁለት ጣት የማሰፋላት»። አንድ ጊዜ አግብተው ነበር። ስለ ባላቸው የሚጠይቃቸው ሲመጣ መልሳቸው አጭር ነው፦ «ልኬ አልነበረም።»

ላይ ቤት አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን በመስኮት ይቆጣጠራል። ሁሉም ሰው ሾፌሩ ይለዋል። «አንቱ» ሲሉት የሚያስረጁት ስለሚመስለው «አንተ በሉኝ» ብሎ ሰፈሩን አስምሏል፤ እኔም ከማሉት አንዱ ስለሆንኩ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

«ክር ውጧል» አሉ እትዬ ያን ጠዋት፣ የውሻውን አፍ ከፍተው በመብራት እያዩ።

«እንግዲያው ጫፉን ፈልጊና ሳቢ» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ። «ዕድል ካለሽ ሹራብ ይወጣልሻል።»

«ቀልድ አሁን! መርፌ ቢሆንስ?»

«እታለም፣ በአርባ ዓመት ስንት መርፌ ጠፍቶብሻል?»

«አንድም።»

«እና ምን ያስጨንቅሻል?»

እትዬ ከመሰኪያው ትራስ ላይ መርፌዎቹን ሁሉ ነቅለው አንድ በአንድ ቆጠሩ። አንድም አልጎደለም። ደግመው ቆጠሩ። ቢጎድል ኖሮ ደስ ይላቸው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል፤ ቢያንስ የሚፈልጉትን ነገር ያውቁት ነበር።

ሳሉ አልሄደም። ንጋት ላይ ይመጣል፣ ውሃ ሲጠጣ ይመጣል፣ ሰው በር ላይ ሲደርስና ደስ ሲለው ይመጣል። ሌላም ነገር ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። አሥራ አንዱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ይወጣ የነበረው ውሻ አምስተኛው ላይ ቆሞ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ወደ ኋላ ማየት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶም ጭራሽ መውጣት ትቶ ከመጋረጃው ኋላ ማደር ለመደ። የጠዋት ሽርሽሩን ከመንገዱ ጥግ ላይ ያቋርጣል። ተጠቅልሎ መተኛት ትቶ አንገቱን ዘርግቶ፣ ክርኖቹን ገለጥ አድርጎ በሆዱ መተኛት አመጣ። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለ። እትዬም ራሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ «እኛም እኮ አምስተኛው ደረጃ ላይ እንቆማለን» ይሉ ነበር። እንዲህ ማለት ይቀላል።

አንድ ቀን ግን ፖስተኛው መጣ። አዝራር እንደ ወትሮው ሊጮህበት ተነሣ። ሦስት ጊዜ ጮኸ። አራተኛው አልወጣም። ከጠረጴዛ ላይ እንደሚንሸራተት ጨርቅ፣ ያለ ድምፅ፣ በጎኑ ወደቀ። እግሮቹ ተገተሩ፤ ከሥሩ ወለሉ ረጠበ። ፖስተኛው ደብዳቤዎቹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እትዬ ተንበርክከው ስሙን ጠሩ፣ ደጋግመው ጠሩ። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእሳቸው ግን ያ ጠዋት እስከ ዛሬም አላለቀም። ከዚያ ብድግ አለ። ራሱን አራገፈ፣ እርጥቡን ወለል አየና አፍሮ መጋረጃው ኋላ ገባ።

ሾፌሩ ያን ቀን አልቀለደም። ካፖርቱን አውልቆ ውሻውን ጠቀለለበትና በአውቶቡስ ይዘውት ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ውሻ አይፈቀድም!» እያለ ሰው ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ ብብቱ ሥር ውሻ ደብቆ፣ ትኬት ቆራጩ ባለፈ ቁጥር እያሳለ፣ የአዝራርን ሳል በራሱ ሳል እየሸፈነ ደረሰ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ጥፍሯን አሳጥራ የቆረጠች፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ። ማዳመጫውን ከአዝራር የግራ ክርን ኋላ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ለእትዬ ዘረጋች።

«እማማ፣ ይስሙት።»

እትዬ ሰሙ። ድብ ድብ የሚል ነገር ነበር የጠበቁት። የሰሙት ግን በሁለቱ ድቦች መካከል የሚሾልክ ሌላ ድምፅ ነው፤ ሽ… ሽ… ሽ… እያለ፣ መቀስ በሐር ላይ ያለ ማቋረጥ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት። ማዳመጫውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ውስጡ እየተቀደደ ነው።»

«አልተቀደደም። የማይገጥም ነገር ነው ያለው» አለች ሐኪሟ። «ልቡ ውስጥ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርጉ በሮች አሉ። አንዱ በር በዕድሜ ብዛት ወፍሮ ተጨማደደ። ሲዘጋ አይገጥምም፤ ደሙ በክፍተቱ ወደ ኋላ ያመልጣል። የሰሙት ያንን ነው።»

«ኮሌታው ጠቦ አንገት ላይ እንደማይገጥም ሸሚዝ።»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «እንደዚያ። ልቡ ያንን ለማካካስ ሲታገል ይለጠጣል። ሲደክመው ደግሞ ውሃ ወደ ሳንባው ይሰርጋል። ሳሉም፣ ደረጃው ላይ መቆሙም፣ መውደቁም ከአንድ ቦታ ነው የመጡት።» ያነሣችውን ራጅ ወደ መብራቱ ዘርግታ አሳየቻቸው። በጎድን አጥንቶቹ መካከል ትልቅ ነጭ ነገር ተኝቶ ነበር። ያ ትንሽ ውሻ እንዲህ ያለ ልብ ተሸክሞ በር ላይ እየሮጠ ሰው ሲቀበል መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ይድናል?» አለ ሾፌሩ።

«አይድንም። ግን ከተያዘ ይኖራል። አንዳንዱ ወራት፣ አንዳንዱ ዓመትና ከዚያም በላይ።»

ሁለት ዓይነት እንክብል ሰጠቻቸው፤ አንዱ ልቡን የሚያበረታ፣ ሌላው ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ። ብዙ ስለሚሸና ውሃ እንዳይከለክሉት፣ ጨው ያለበት ነገር እንዳያቀምሱት፣ በየሳምንቱ እንዲመዝኑት፣ ራሱን ስቶ ከወደቀ ወይም ድዱ ከነጣ ሳያሳድሩ እንዲያመጡት ነገረቻቸው። ጨው ላይ ስትደርስ እትዬ አቀረቀሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ምሳቸውን ሲበሉ ዳቦ ከሾርባቸው እየነከሩ ያጎርሱት ነበር።

«ከሁሉ በላይ ግን ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ» አለች ሐኪሟ። «እዚህ ስለሚፈራ የእኔ ቁጥር ዋጋ የለውም። የማምነው የቤቱን ነው። ተኝቶ ሳለ ጎኑ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ብለው፣ ደቂቃ ሙሉ። ከሠላሳ በታች ከሆነ ደህና ነው። ከሠላሳ በላይ ከሆነና ደግመው ቆጥረው ያው ከሆነ ይደውሉልኝ። ሳንባው ውሃ መያዝ ሲጀምር ከሳሉም በፊት የሚናገረው ይኸ ቁጥር ነው።»

መቁጠር ለእትዬ ምን ይከብዳቸዋል! በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አዝራር መኪናው ሥር ጋደም ሲል ሥራቸውን አቆሙ። ሬዲዮኑን አጠፉ፣ በሩን ዘጉ፣ ሾፌሩን «ወንበሩን አታንቋቋው» ብለው ገሠጹት። የራሳቸውን ትንፋሽ ሳይቀር ያዙ። አዝራር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቆጠሩ።

ሠላሳ ስድስት።

ሌላ ወረቀት ስላጡ የደንበኞችን ልክ የሚጽፉበት ደብተር ላይ ጻፉት፦ ወገብ ዘጠና ሁለት፣ ቁመት መቶ አራት፣ አዝራር ሠላሳ ስድስት። በሁለተኛው ቀን ሠላሳ ስምንት። በሦስተኛው ሠላሳ አምስት፣ ደግመው ሲቆጥሩ አርባ። ማታ ለመቁጠርም ሞከሩ፤ ግን ደረጃው ገና ሲንቋቋ አዝራር ከመጋረጃው ኋላ ተነሥቶ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላቸዋል፤ ሾፌሩ በእጅ ባትሪ ተደብቆ ሊያየው ሲሞክር ደግሞ የጨዋታ ጥሪ መስሎት ካልሲ ይዞለት መጣ። ስለዚህ የከሰዓቱ ቁጥር ብቻ ቀረ። እትዬ ደወሉ። ሐኪሟ በሐሳብ «እም…» አለችና የሚያሸናውን እንክብል በግማሽ እንዲጨምሩ አዘዘች። ከሁለት ቀን በኋላም ሠላሳ ሰባት ነበር። ሌላ ግማሽ ተጨመረ።

አዝራር ጠጣ፣ ሸና፣ ጠጣ፣ ሸና። ሳሉ ቀንሷል፤ እሱ ግን እየሳሳ ሄደ። ምግቡን እያሸተተ ፊቱን ያዞራል። ሲቆም የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድዱን ሲነኩት ጣት ላይ የሚጣበቅ ደረቅ ነገር ሆነ። እትዬ ሌሊቱን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ከታች የሚመጣ ድምፅ ይጠብቁ ጀመር፤ ድምፅ ከመጣ ይደነግጣሉ፣ ካልመጣም ይደነግጣሉ። የአንዲት ሴት ቀሚስ ላይ ሁለቱንም እጅጌ በተገላቢጦሽ ሰፉ። በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖባቸው አያውቅም።

ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ካፖርት ተጠቅልሎ ሄደ። ሐኪሟ አዳመጠች፣ ራጅ አነሣች፣ ደም ወሰደች። ስትመለስ ግንባሯ ተቋጥሮ ነበር።

«ሳንባው ንጹሕ ነው» አለች።

«እግዜር ይስጥሽ!» አሉ እትዬ።

«ቆይ እማማ። ኩላሊቱ ተጎድቷል። ሰውነቱ ደርቋል። መድኃኒቱ በዝቶበታል።» ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «ያልገባኝ ነገር አለ። ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ትንፋሹ ለምን ሠላሳ ሰባት ይሆናል? ሲቆጥሩት በእርግጥ ተኝቶ ነው?»

«ዓይኑን ጨፍኖ ነው ልጄ። እኔም ትንፋሼን ይዤ።»

«እሺ። አሁን ፈሳሽ እሰጠዋለሁ፤ እንክብሉንም ወደ መጀመሪያው እንመልሳለን። አምስት ቀን ይቁጠሩልኝ።» ወደ አዝራር ተመለከተች። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ኩላሊቱ ከዚህ በላይ መድኃኒት አይችልም። በትንሹ መድኃኒት ደግሞ ትንፋሹ በእርግጥ ከሠላሳ የሚያልፍ ከሆነ፣ የምሄድበት መሃል መንገድ የለኝም። ያኔ የምናወራው ሌላ ነገር ነው።»

ሌላው ነገር እንዳይሠቃይ በመርፌ ማሳረፍ እንደሆነ ሁለቱም ሳይነገራቸው ገባቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሾፌሩ አውቶቡሱ ውስጥ ለማስመሰል እንኳ አላሳለም፤ የአዝራር አፍንጫ ከኮሌታው ወጥቶ እየታየ ትኬት ቆራጩ አይቶ እንዳላየ አለፈ።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሰባት። ሁለተኛው ቀን ሠላሳ ስድስት። ሦስተኛው ሠላሳ ስምንት። ውሻው መብላት ጀምሯል፣ እግሩ ጸንቷል፤ ደብተሩ ግን ያንኑ ይላል። እትዬ ቁጥሩን ለሐኪሟ ሳይናገሩ ዋሉ። ስልኩን አንሥተው አስቀመጡት። አሁንም አነሡት፣ አስቀመጡት።

አራተኛው ቀን ለመምህሩ መጋረጃ የሚያደርሱበት ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር ለክፍሉ መስኮቶች ሰማያዊ መጋረጃ አዞ ነበር፤ ስድስት፣ እያንዳንዱ ረጅም፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ። እንዲህ ያለ ስፌት ዓይን አይፈልግም። እጅ ጨርቁን ይመራል፣ እግር ይረግጣል፣ መኪናው ታካታክ ታካታክ እያለ ራሱ ይሄዳል። ዓይን ሥራ ሲፈታ ወደሚያስጨንቀው ይሄዳል። የእትዬ ዓይን ወደ ታች ሄደ።

አዝራር በጎኑ ተኝቷል። የፊት እግሩ መዳፍ ሕልም ውስጥ እንደሚሮጥ ይንፈራገጣል። የአፉ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። ጎኑ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ቆየ። ቀስ ብሎ ወረደ። ቆየ። ከፍ አለ።

እትዬ እንዲህ ቀርፋፋ ትንፋሽ ሲቆጥሩ አይተው አያውቁም። ለመቁጠር እግራቸውን አነሡ።

መኪናው ዝም አለ። መጀመሪያ የአዝራር ጆሮ ቆመ። የዓይኑ ክዳን አልተከፈተም፤ ግን ከሥሩ ቀጭን ነጭ መስመር ታየ። መዳፉ ረጋ። ከዚያ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር።

እግራቸውን መለሱ። ታካታክ ታካታክ። ጆሮው ወደቀ። አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ትንፋሹ ዘገየ። አቆሙ፤ ጆሮው ተነሣ። ረገጡ፤ ወደቀ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። መምህሩ ዛሬም በዚያ ሰማያዊ መጋረጃ ላይ ያቺን የቆመች የሄደች ስፌት ያያታል።

«ጉድ!» አሉ እትዬ። «አንተ ሰውዬ፣ ና ተመልከት!»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አዝራር የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር። መኪናው ከሄደ እመቤቴ አለች፤ ተኛ። መኪናው ከቆመ ልትነሣ ነው፤ ወደ በር፣ ወደ ደረጃው፣ ወደ ገበያ፤ ተዘጋጅ። እትዬ ያንን ሁሉ ዝምታ ያዘጋጁለት እንዲተኛ ብለው ነበር። ለእሱ ግን ዝምታው ራሱ ነው ጥሪው። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። እሳቸው ትንፋሹን ሲቆጥሩ፣ እሱ መነሣታቸውን ይጠብቅ ነበር።

«በእጄ» አሉ እትዬ። «በእነዚህ እጆቼ ነው ኩላሊቱን ያቃጠልኩት።»

«ሆ! ኋላ ታለቅሻለሽ፣ አሁን ቁጠሪ» አለ ሾፌሩ። እሱም ግን አፍንጫውን ጠረገ።

መቁጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። እትዬ እየረገጡ ሲቆጥሩ ስድሳ ሰባት መጣ። አርባ ዓመት ሙሉ እግራቸው በራሱ ሲቆጥር ስለኖረ ከትንፋሹ ጋር ተደባለቀባቸው። ስለዚህ ሾፌሩ መኪናው ፊት ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ይኸን ያቅተዋል?» አለና ረገጠ። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ፣ ክሩ ተጠመጠመ፣ መኪናው አንዴ ጓ ብሎ ቆመ። «ፍሬኑ የት ነው?»

አዝራር ራሱን ቀና አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ተነሣ፣ ተነሣ፣ ውሻውን አታሳፍረው» አሉ እትዬ። ክሩን ከመርፌው አወጡ፣ ጨርቁን አነሡ፣ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናውን እግር ከፍ አደረጉ። ተቀምጠው ባዶውን መኪና መርገጥ ጀመሩ። «አንተ ቁጠር። ጎንበስ በል። በጣትህ አትንካው።»

ሾፌሩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ የእጅ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ መነጽሩን አስተካከለ። አዝራር እግሮቹን ዘርግቶ ቀስ በቀስ ወደ እንቅልፍ ወረደ። መርፌው ያለ ክር ወጣ፣ ወረደ። እትዬ ወደ ታች ማየት አልቻሉም፤ መስታወቱን አዩ። መስታወቱ ውስጥ የወንድማቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቶሎ የሚንቀሳቀስ መሰላቸው። የሐኪሟ ቃል መጣባቸው፤ መሃል መንገድ የለኝም። ዛሬ ተኝቶ ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ እውነተኛ ነው። እስከ ትናንት ቁጥሩ ሐሰት ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ሠላሳ አምስት ቢሆን ግን የሚሸሹበት የለም። ጉልበታቸው ያማቸው ጀመር። እግራቸው እንዳይፈጥን ፈሩ፣ እንዳይዘገይም ፈሩ።

ደቂቃው አለፈ።

«ስንት?»

ሾፌሩ መነጽሩን ጠረገ።

«አንተ! ስንት ነው?»

«ጠፋብኝ» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። «አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰዓቱን አየሁና ደቂቃው ሊያልቅ ነው፤ ደስ ሲለኝ ጠፋብኝ።»

«ነፍሴን ልታወጣት ነው? እንደገና!»

እንደገና። እትዬ በዚህኛው ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሃያ አራት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቆጥር የኖርኩ ሰው አይደለሁም እንዴ? ሃያ አራት ስልሽ!»

«አንተ ትርፍ ስትጭን የኖርክ ሾፌር ነህ። እንደገና ቁጠር።»

«ትርፍ ጭኜ ከሆነማ ከዚህም ያንሳል» አለና ቆጠረ። ሃያ አምስት መጣ።

እትዬ መርገጣቸውን አላቆሙም። «ስልኩን አምጣልኝ» አሉ። ሾፌሩ ደውሎ ጆሮአቸው ላይ ያዘላቸው። ቁጥሩን ተናገሩ።

«እማማ፣ ይኸ የሚሰማኝ ድምፅ ምንድን ነው?»

«እንዲተኛ ነው ልጄ» አሉ እትዬ፤ ከዚያም ሁሉንም ዘረገፉት፤ በሩን መዝጋታቸውን፣ ሬዲዮኑን ማጥፋታቸውን፣ ጆሮውን፣ ነጩን መስመር። ሐኪሟ ሳታቋርጥ ሰማች።

«እኔ ነበርኩ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ» አለች በመጨረሻ። «እንክብሉን በትንሹ ይቀጥሉ። ከአሥር ቀን በኋላ ደሙን አያለሁ። ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚመለስ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም። ቁጥሩን ግን በየቀኑ፣ እንደዚሁ እየረገጡ።»

«ከሠላሳ ካለፈ?»

«ይደውላሉ። አሁን ግን አላለፈም።»

ስልኩ ተዘጋ። መምህሩ መጋረጃውን ሊወስድ በሩን ከፍቶ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ ሾፌሩ ተዘርግቷል። እትዬ ጨርቅ የሌለበት፣ ክር የሌለበት መኪና በሙሉ ኃይላቸው ይረግጣሉ። ፊታቸው ረጥቧል። መምህሩ የተኛውን ውሻ አየና በሩ ላይ ደንዝዞ ቀረ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ በጫማው ጫፍ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሞከረ።

«ኧረ ዝም እንዳትል መምህር!» አለ ሾፌሩ በሙሉ ድምፁ። «እዚህ ቤት ዝም ያለ ነው የሚቀሰቅሰው። ግባ፣ አውራ፣ ተቆጣ፤ መጋረጃህም አላለቀም።»

«አላለቀም?» አለ መምህሩ ግራ ገብቶት። «ለነገ ጠዋት እኮ ነበር…»

«አንዱ ይቀረኛል» አሉ እትዬ። በአንድ እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ በሌላው ክሩን ፈለጉ። «ቁጭ በል ልጄ፣ አሁን እጨርስልሃለሁ።» ክሩ በሚወጣ በሚወርደው መርፌ ቀዳዳ አልገባ አለ። ነገም ይቆጠራል፣ ከነገ ወዲያም፤ የነገውን ቁጥር የሚያውቅ የለም። እግራቸው ግን ሳይቆም መርገጡን ቀጠለ፤ ከሥራቸው አዝራር አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፣ ቆየ፣ አወጣው።